ቀይ ክር
ዛሬ ሙሉ ቀን ባቡር ላይ ነበርኩ። መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ አልገለጥኩትም። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የለበሱት ትሬንች ኮት ዓይኔን ያዘው። የቆየ ነው። ቁልፎቹ በሙሉ ቡናማ ናቸው። አንዷ ብቻ ጥቁር ነች፣ ያውም በቀይ ክር የተሰፋች። ማን ሰፋላቸው? ቸኩሎ ነው ወይስ ሌላ ክር ጠፍቶ? መላቀቅ አቃተኝ።

ኮቱ ራሱ ታሪክ አለው። «ትሬንች» በእንግሊዝኛ ምሽግ ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽጎች ነው። ትከሻው ላይ ያለችው ማሰሪያ የመኮንኖች ማዕረግ ማሳያ ነበረች። ዛሬ ለዝነጣ እንለብሰዋለን፤ ደስ ይላል።

ፊልም ሳይም ቀድሜ የማየው ልብሱን ነው። የአልባሳት ባለሙያዎች አዲስ ልብስ ሆን ብለው ያስረጃሉ። ክርኑን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል። ደጋግመው ያጥቡታል። ኪሱ እንዲረግብ ከባድ ነገር ከተው ይሰቅሉታል። ኢዲት ሄድ በዚህ ሙያ 8 ኦስካር ወስዳለች። ሲያንሳት ነው! እኔም ልብ ወለድ ስጽፍ የምመኘው ይህንኑ ነው። «ድሃ ነበር» ከምል፣ የረገበ ኪሱን ባሳይ ይሻለኛል።

ጉዞ የምወደውም ለዚህ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ ያንን ቀይ ክር ከየት አመጣው ነበር?

አዛውንቱ ሊወርዱ ሲነሱ ጥቁሯን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጓት። አንዴ ብቻ፣ በቀስታ። እኔም ማስታወሻዬን አወጣሁ። ስንት ሳምንት አልንቀሳቀስ ያለኝ ገጸ ባሕሪ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ፣ ዛሬ ኮት አገኘ።