የማታው ኮቴ

የጌታ ስም ይባረክ። ይህን ምስክርነት ስንቴ ጀምሬ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የጸለይኩት ነገር አልሆነማ። አባቴ አልተመለሰም። ሰው ደግሞ ምስክርነት ሲባል «ጸለይኩ፣ ሆነልኝ» የሚል ነው የሚጠብቀው። የእኔ እንደዚያ አይደለም። ግን «አልሰማኝም» ብል ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል።

የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጠዋት የጫማውን ክር አስሮ፣ «ማታ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። በቃ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ጠብ አልነበረም፣ ዕዳ አልነበረም፣ የምናውቀው ሕመምም አልነበረም። እናቴ እኔን በወለደች ዓመት ነው ያረፈችው፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና የ19 ዓመቱ ወንድሜ ነን። ፖሊስ ጋ አመለከትን። በየሆስፒታሉ ዞርን። ወንድሜ አስከሬን ክፍል ገብቶ ሲወጣ ገና ፊቱን ሳየው እንዳልሆነ ገባኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደስ በማለቴ አፈርኩ። «አፋልጉኝ» የሚል ወረቀት ከነፎቶው ለጠፍን። ዝናብ አጠበው። እንደገና ለጠፍን።

ለሞተ ሰው ይለቀሳል። ለጠፋስ? ብታለቅሺ «አታሟርቺ» ትባያለሽ። ብትስቂ «አባቷ ጠፍቶ ትስቃለች» ይባላል። ትምህርት ቤት የሚሞላ ቅጽ ነበር፤ አባት፦ «በሕይወት አለ»፣ «የለም»። ሁለት ሳጥን። ሁለቱንም ባዶ ትቼ መለስኩ፤ የተቀበለችኝ ሴትዮ ተቆጣችኝ። ይህ ነገር ስም እንዳለው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጦርነት ደብዛቸው የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ፣ ቁርጡ ያልታወቀ ሐዘን እንዴት ሰውን ከሁለት ያጣ እንደሚያደርግ ጽፋለች። ችግሩ ሁኔታው ላይ እንጂ ሰውየው ላይ አይደለም ትላለች። ምነው ያኔ ለዚያች ሴትዮ ባስነበብኳት!

ጸሎቴ አንድ ነበር፦ «አባቴን መልስልኝ»። ጾምኩ። አንድ ሰው እጁን ጭኖብኝ «በሦስት ወር ውስጥ በራችሁን ያንኳኳል፣ ይላል ጌታ» አለኝ። ሦስቱን ወር በጣቴ ቆጠርኩ። በመጨረሻው ቀን ያለኝን ጥሩ ልብስ ለብሼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማታ ምን እንደሆንኩ አልጽፈውም። ጌታ ያላለውን በጌታ ስም ለልጅ የሚናገር ሰው ግን ፍርሃት ይስጠው።

ከሁሉም የከፋው ሌሊቱ ነበር። አባቴ ቁልፍ ይዞ አልወጣም። ስለዚህ በሩን ሳልቀረቅር ነበር የማድረው። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ። ወንድሜ የሌሊት ሥራ ይዟል። ክፍት በር፣ ብቻዋን ያለች ልጅ። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

እትዬ ጎረቤታችን ናቸው። አልወለዱም፤ ዘመዳችንም አይደሉም። አንድ ቀን ልክ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ አባቴ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ የተቀደደ ልብስና መርፌ ይዘው መጡና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ።

«ምነው እትዬ?» አልኳቸው።

«የምትጠብቂውን አብሬሽ ልጠብቅ ነዋ» አሉኝ።

ሌላ ነገር አልተናገሩም። «አይዞሽ፣ ይመጣል» የለም። «ቁርጥሽን እወቂ» የለም። ሰፉ፣ ሰፉ፣ ሲጨልም ሄዱ። በማግስቱም መጡ። በሳምንቱም። ያችን ሰዓት ሆን ብለው እንደመረጧት የገባኝ ከዓመት በኋላ ነው። ልብሱም ሁልጊዜ የተቀደደ እንዳልነበር አሁን እጠረጥራለሁ።

ትምህርት ቤት «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ስባል እሳቸው ሄዱ። ትኩሳት ሲይዘኝ ወንበር ላይ አደሩ። ከቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ሒሳብ ሊያስጠኑኝ ይመጡ ጀመር። ሒሳብ ዛሬም አልችልም፤ ጋሼ ግን ዛሬም ይደውሉልኛል። በነገራችን ላይ እትዬን «እሳቸው» እያልኩ የምጽፈው ለእናንተ ብዬ ነው። ቤት ውስጥ «አንቺ» ነው የምላት። መቼ እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ ያስተዋለው ወንድሜ ነው።

መዝሙር 27፥10ን ሰዎች ሲጠቅሱልኝ እናደድ ነበር። «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» ይላል። አባቴ አልተወኝም፣ ጠፋ እንጂ! ወደ ልቤ የገባው ዮሐንስ 19 ነው። ጌታ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር የሰጣት ገና መስቀል ላይ እያለ ነው። ለቅሶው አላለቀም፣ ትንሣኤው አልመጣም፤ እሷ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤት ነበራት። እኔ «መጀመሪያ አባቴን፣ ሌላው በኋላ» እያልኩ ነበር የምጸልየው።

ነጻ የወጣሁበትን ማታ ልንገራችሁ። 12 ሰዓት አልፏል። መስኮቱ ጋ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ኮቴ አዳምጣለሁ። ድንገት ራሴን ያዝኩት። የማዳምጠው የአባቴን አልነበረም። እትዬ ለምን ዘገዩ እያልኩ ነው! እሳቸው ሲገቡ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አባቴን የከዳሁት መሰለኝ፤ ይህንኑ ነገርኳቸው። አቅፈውኝ ቆዩ። ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው መቀርቀሪያውን አዩት።

«ዛሬ ቀርቅሪው» አሉኝ።

«ቢመጣስ?»

«ቢመጣ ያንኳኳላ። እኔም ሰምቼ እመጣለሁ። አብረን እንከፍትለታለን።»

ቀረቀርኩት። «ጌታ ሆይ፣ አባቴን ያለበት ቦታ ጠብቀው» አልኩ፤ ዛሬም የምጸልየው እንደዚሁ ነው። ከዚያ ተኛሁ።

ጠዋት ወንድሜ ከሥራ ተመልሶ እጁ እስኪላጥ አንኳኳ። አልሰማሁም። የሰሙት እትዬ ናቸው። መጥተው በመስኮት አዩኝና፣ «ተዋት፣ ትተኛበት» ብለው ወንድሜን ወደ ቤታቸው ወሰዱት።