ከ10 እስከ 20 ያሉት ቀናት

ህዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። የእማዬ የደም ግፊት ኪኒን 2 ፍሬ ብቻ ቀርቶታል። ደሴ ያለችው እህቴ "ለ3 ወር የሚሆን አንድ ላይ ግዢላት" ብላ 3,000 ብር ላከችልኝ። ቱሉ ዲምቱ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ፣ ብሩ ገባ ብዬ ቴክስቱን እንኳን በደንብ አላነበብኩትም። ፋርማሲስቷ አምሎዲፒኑን ቆጠረች፣ ሌላውንም ኪኒን ጨመረች፣ ፌስታል ውስጥ ከታ ሂሳቡን ነገረችኝ። ልከፍል ስል ብሩ የለም። ሂሳቤ ላይ ያለው 1,180 ብር ነው። ቀሪው 1,820 ብር ገና ከመግባቱ፣ ከዚህ በፊት ብር ሲጎድለኝ ባንኩ በስልክ ለሞላልኝ ተቆርጧል።

"እሺ የ1 ወሩን ብቻ ስጪኝ" አልኳት። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም። ፌስታሉን ከፍታ አንድ በአንድ እያወጣች መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ኪኒኑ ሲመለስ ቆሜ ያየሁበት ያ ደቂቃ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ተከራይተን። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፣ ባለቤቴ ገላን አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ እማዬም ከኛ ጋር ናት። ሁለት ደመወዝ ይገባል፣ ግን ወሩን አይሞላም። እንዲህ ያለ ቤት ብዙ እንዳለ ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፈው።

ብሩን የቆረጠብኝ አገልግሎት ባንኮች ኦቨርድራፍት የሚሉት ዓይነት ነው። ድሮ ይህ የነጋዴ ነገር ነበር። ነጋዴው የቼክ ሂሳብ ይኖረዋል፣ ባንኩ መያዣ ይዞ "ከሂሳብህ በታች እስከዚህ ድረስ መውረድ ትችላለህ" ብሎ ገደብ ይሰጠዋል፣ እሱም በተጠቀመበት ቀን ልክ ወለድ ይከፍላል። አሁን ለደመወዝተኛውም በስልክ መጥቶለታል። አስቤዛ ገዝታችሁ ስትከፍሉ 400 ብር ቢጎድላችሁ ሞልቶ ይከፍልላችኋል። መጀመሪያ ሰሞን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሱቅ በር ላይ ዕቃ መልሶ ከመሄድ፣ ጎረቤት ከማስቸገር አዳነኝ ብዬ ነበር።

ያላስተዋልኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በተጠቀምኩ ቁጥር የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ቅጣት ይጨመርበታል። ሁለተኛውና ለኔ የባሰው፣ ወደ ሂሳቤ የሚገባውን የመጀመሪያ ብር ራሱ ይወስዳል። የኔ ይሁን የእድር፣ የእማዬ መድኃኒት ይሁን የልጅ ደብተር፣ አይጠይቅም። ውሉ ላይ ተጽፏል፣ "እስማማለሁ" የሚለውን የተጫንኩትም እኔው ነኝ። ግን አንብቤው አልነበረም።

የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ ሲተኙ ለባለቤቴ ነገርኩት። እስከዚያች ቀን ድረስ አያውቅም ነበር። ይቆጣል ብዬ ነበር። ዝም ብሎ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "እኔም አለብኝ" አለኝ። እሱም እንዳትጨነቅ ብሎ ሳይነግረኝ ደብቆኝ ኖሯል። ለካ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ስናስብ ቤቱን ከሁለት በኩል እየቀደድነው ነበር።

የትልቋን ልጄን የሂሳብ ደብተር ከጀርባው ገልብጠን ቴክስቶቹን አንድ በአንድ እያነበብን መጻፍ ጀመርን። ቀን፣ የጎደለው፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ቅጣት። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ቆየን። የህዳር 14ቱ ብቻ 1,650 ዋናው፣ 99 የአገልግሎት፣ 71 ቅጣት ነበር። ከመስከረም ወዲህ እኔ 11 ጊዜ ተጠቅሜያለሁ፣ በክፍያና በቅጣት ብቻ 1,434 ብር ሄዷል። እሱ 6 ጊዜ፣ 655 ብር። በድምሩ 2,089። በኛ ቤት ይህ የወር ዘይትና ሽንኩርት ነው፣ አንድም ነገር ሳንገዛበት የሄደ።

99 ብር በ1,650 ላይ 6 በመቶ ነው። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግን ለ7 ቀን ነው። እንዲሁ በየሳምንቱ ቢቀጥል በዓመት ከ300 በመቶ በላይ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲያደርግ ትዝ ይለኛል፣ አንድ ዓመት ሙሉ ብር ላስቀመጠ ሰው ነው 7ቱ። እኔ ለአንድ ሳምንት 6 እየከፈልኩ ነበር። ይህን ደብተሩ ላይ ስጽፈው እጄ ቀዘቀዘ።

ግን ዋናውን ነገር ያየነው ቀኖቹን ስንደረድር ነው። 17ቱም ጉድለቶች ማለት ይቻላል ከወሩ 10 እስከ 20 ባሉት ቀናት ውስጥ ናቸው። ለምን? የባለቤቴ ፋብሪካ የሚከፍለው በፈረንጅ ወር መጨረሻ ነው። በኛ አቆጣጠር መስከረም 20፣ ጥቅምት 21፣ ታህሳስ 22 እያለ ይሄድና ነሐሴ ላይ 25 ይደርሳል። የኔ ደመወዝ ደግሞ የኛ ወር ሊያልቅ ሲል ነው የሚገባው። ኪራይ ወር በገባ በ1 ቀን ነው። ስለዚህ ሁለቱም ደመወዝ በ10 ቀን ውስጥ ተከታትሎ ይመጣል፣ የሱ ኪራይ ሳይከፈል በአስቤዛና በዱቤ ይሸራረፋል፣ ኪራዩን ለመሙላት የኔን እንነካለን፣ 10 ላይ ባዶ እንሆናለን፣ ከዚያ የሱ ደመወዝ እስኪመጣ ስልኩ ይሞላልናል፣ ደመወዙ ሲመጣ ደግሞ ስልኩ ቀድሞ ይወስደዋል። አጉድሎ ይጀምራል ማለት ነው። በየወሩ እንደዚያ ነበር። ገቢያችን ማነሱ እውነት ነው፣ እሱን እኛ አልፈጠርነውም፣ በአንድ ሌሊትም አንቀይረውም። ቀኖቹን ግን መንካት እንችል ነበር።

መጀመሪያ ካለብን ነገር መውጣት ነበረብን። የኔ በእህቴ ብር ተዘግቷል፣ የሱ 2,200 ቀርቷል፣ የሱቅ ዱቤ 1,900 አለ፣ የእማዬ የ2 ወር ኪኒን ደግሞ ከምንም በፊት ነው። ሌላ ብድር መበደር አልፈለግንም። በየሳምንቱ 300 ብር የምጥልበት እቁብ አለኝ፣ 30 ሰው ነን፣ እጣው 9,000 ይደርሳል። የኔ ገና አልወጣም። ዳኛውን ለብቻቸው አናገርኳቸው፣ ምንም ሳልደብቅ። እሁድ ዕለት እጣ የወጣላት አትክልት ሻጭ ጎረቤታችን "እኔ ለፋሲካ ነበር ያሰብኩት፣ አንቺ ውሰጂው፣ ያንቺ ሲወጣ ትሰጪኛለሽ" አለችኝ። እጣ ሲቀያየሩ ብር የሚጠይቅ አለ፣ እሷ ግን 5 ሳንቲም አልጠየቀችኝም። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ዋስ ሆና ፈረመችልኝ። ውለታቸውን መቼም አልረሳውም።

ቀጥሎ አገልግሎቱን ማዘጋት ነው። ይህ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት "ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ" ተባልኩ። በማግስቱ ከክፍል ቶሎ ወጥቼ ሄድኩ፣ "በስልክሽ ራስሽ ማጥፋት ትችያለሽ" አሉኝ፣ ስልኩ ላይ ደግሞ የለም። በሦስተኛው ማመልከቻ ጽፌ፣ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። እዚያው እያለሁ ጥቅምት ላይ የተቆረጠብኝን አንድ ቅጣት አነሳሁ። ጠዋት ብር አስገብቼ ሲስተም ስላልነበረ ማታ ነው የተመዘገበው፣ ቅጣቱ ግን ተቆጥሮብኛል። የብር ማስገቢያው ደረሰኝ ስለነበረኝና ቴክስቱንም ስላላጠፋሁት አይተው 64 ብሩን መለሱልኝ። 64 ብር ብዙ አይደለም። ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አይመልስላችሁም፣ ሲጠየቁ ደግሞ የሚሰሙ ሰዎች አሉ። ቴክስት አታጥፉ። የግብይት ቁጥሩ እዚያ ነው ያለው።

ኪራዩን ወደ ባለቤቴ ደመወዝ ቀን አመጣነው። ደመወዙ የገባ ዕለት፣ ሱቅ ሳንሄድ፣ ኪራዩ ይላካል። አከራያችን ሳሪስ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ወር ላይ ደወሉ፣ "ልጄ፣ ገና 9 ቀን ቀርቶት የለም እንዴ? ልትለቁ ነው?" አሉኝ። "አይ ጋሼ፣ በእጃችን እያለ ይድረስዎት ብለን ነው" አልኳቸው። ደስ አላቸው። ዓመቱ ሲደርስ ጭማሪውን ትንሽ ያቀለሉልን በዚህ ይመስለኛል።

የኔን ደመወዝ ለሁለት ከፈልኩት። በገባ ዕለት 3,200 ብር ወደ ሌላ ሂሳብ አዛውራለሁ። ይህ ሂሳብ ካርድ የለውም፣ አፕ የለውም፣ ደብተር ብቻ ነው ያለው። ሆን ብዬ ነው እንደዚያ ያደረግኩት። ብር ለማውጣት ቅርንጫፉ ድረስ መሄድ፣ ሰልፍ መያዝ፣ መፈረም አለብኝ። ማታ ልጅ "ብስኩት" ሲል በስልክ የማይነካ ብር ማለት ነው። 10 ቀን ሲሆን ሄጄ አወጣዋለሁ፣ እስከ 20 በእሱ እንኖራለን። የመጀመሪያው ወር 7 ላይ ነው ያወጣሁት፣ አልቻልኩም። ሁለተኛው ወር 9 ላይ። ከጥር ጀምሮ 10 ጠብቄያለሁ።

የሱቅ ዱቤውን ሙሉ በሙሉ አልተውነውም። ከስልኩ ይሻላል እላለሁ፣ ባለሱቁ ቅጣት አይቆጥርም፣ ልጅ ሲታመም ደግሞ ፊቴን አይቶ ይረዳኛል። ግን ዱቤ ላይ ሆኖ "ዋጋው ለምን ጨመረ?" ብሎ መከራከር ይከብዳል፣ ይህን ከናንተ አልደብቅም። አሁን ከ600 ብር እንዳያሳልፍ ራሴ ነግሬዋለሁ፣ በመዝገቡ ላይ ከስሜ አጠገብ ጽፎታል።

የፈራሁት ፋሲካን ነበር። የ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፣ ልክ በደረቁ ቀናት መሃል። የባለቤቴ ደመወዝ ገና 10 ቀን ይቀረዋል። አገልግሎቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ እንደምጠቀምበት አውቃለሁ፣ በበዓል ዋዜማ እጅ አይታዘዝም። እማዬ ናት የገላገለችኝ፣ "ዘንድሮ ዶሮው ይቅር፣ ልጆቹ ሥጋ ካዩ ይበቃል" አለች። ከብሎካችን ሰዎች ጋር ቅርጫ ገባን፣ ብሩን ከመጋቢት ጀምሮ በሁለት ጊዜ ከፍለን። ትንሹ ልጄ "ዶሮ የለም?" ብሎ ጠይቆኛል። ከፍቶኛል። ግን በማግስቱ ከሂሳቤ ማንም ምንም አልቆረጠም።

ጳጉሜንና መስከረምንም አስቡበት። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፣ እኛ ግን እነዚያን 5 ቀናት እንበላለን፣ ታክሲ እንሳፈራለን። ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ጫማ። የመጀመሪያዎቹ ጉድለቶቼ ሁሉ የመጡት ከዚያ ነበር። ስለዚህ ከጥር እስከ ነሐሴ በየወሩ 300 ብር እዚያችው ባለደብተሯ ሂሳብ ውስጥ ተውኩ፣ 2,400 ሆነ። ዩኒፎርሙን ሸፈነ፣ ለጫማው አልበቃም፣ ለትልቋ የአክስቷን ልጅ ጫማ አጥበን አደረግንላት።

ያልጨረስነው ነገር አለ። የባለቤቴ ስልክ ላይ አገልግሎቱ አሁንም ክፍት ነው። ዕዳ የለበትም፣ ግን እሱ "ሌሊት ልጅ ቢታመምና ራይድ መጥራት ቢያስፈልገንስ?" ይላል። እዚህ ዳር ላይ ሌሊት ትራንስፖርት ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ተሳስተሃል ለማለት አልደፈርኩም። እኔ ደግሞ ለዚያ የሚሆን 1,000 ብር ቁም ሳጥን ውስጥ በጥሬው እናስቀምጥ እላለሁ። እስካሁን 650 ደርሷል። 1,000 ሲሞላ አብረን ሄደን እንዘጋዋለን ብሎኛል።