«ባድ»ን ካለፍኩ በኋላ

ሰሞኑን የእንግሊዝኛ ትምህርቴ ፈቀቅ ብሎልኛልና ላካፍላችሁ። የምማረው እዚሁ ጎንደር ለማስጎብኘት ነው። ሰላምታው፣ ዋጋው፣ የፋሲል ግቢ ታሪክ ብዙም አላስቸገረኝም። ልቤን ያወለቀው ከ«ባድ» (መጥፎ) ወዲያ ያሉት የክፋት ቃላት ነገር ነው።

በ1880 ዓ.ም. ከደርቡሽ ቃጠሎ የተረፈችውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ታውቋታላችሁ። ግድግዳዋ ላይ ዲያብሎስ በእሳት ተከቦ ተስሏል። እሱ «ኢቭል» ነው፤ ክፋቱ ከሥሩ ነው። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል፤ ክፉው ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ለሠዓሊው አንድ ምልክት በቂው ነው። እንግሊዝኛ ግን ምን ዓይነት ክፉ እንደሆነ ካልነገሩት አይለቅም።

«ዊክድ» ክፋቱን እያወቀ፣ አንዳንዴም እየጣመው ለሚሠራ ነው። የተረት እንጀራ እናትና ጠንቋይ ዊክድ ናቸው። የእንግሊዝ ወጣቶች ደግሞ «አሪፍ» ለማለት ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህ አነጋገሩን አዳምጡ። «ቪሽየስ» ውስጥ መንከስ፣ መጉዳት አለ። ተናካሽ ውሻ ቪሽየስ ነው። ኢቭል ግን አይባልም፤ ውሻ ኃጢአት የለበትም። ስም የሚያጠፋ ሐሜትም ቪሽየስ ነው። «ሄይነስ» እጅግ ለከፋ፣ ለሚዘገንን ድርጊት ነው፤ ከወንጀል ጋር ይሄዳል። ረባሽ ልጅ «ኖቲ» ነው እንጂ ከእነዚህ ወገን አይደለም። «ኢሞራል» የሥነ ምግባር ሕጉን እያወቀ የጣሰ ነው፤ «ኤሞራል» ግን ክፉና ደግ የሚባል ነገር ጭራሽ የማይታየው ነው። አራስ ልጅ ኤሞራል ቢባል ነውር የለውም፤ ኢሞራል ቢባል ግን ስድብ ነው።

የአማርኛ ፍቺ መሸምደድ ለዚህ አይረዳም ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ፊት ለፊት «ክፉ» ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግዙ፤ ከፍቺው ይልቅ ምሳሌውን አንብቡ። እኔ ደብተሬ ላይ ቃሉን ከነጎረቤቱ ነው የምጽፈው፤ ቪሽየስን ከውሻ፣ ሄይነስን ከወንጀል ጋር። ሰዋስው ላይ ግን ምክር አትጠይቁኝ፣ ገና ነኝ።

አንድ ነገር አልለየልኝም። የቤተልሔምን ሕፃናት ያስፈጀው ሄሮድስ የትኛው ነው? እኔ ዊክድ እላለሁ፤ ሰው ሆኖ፣ አስቦ፣ መርጦ ያደረገው ነውና። አብሮኝ የሚማረው ጓደኛዬ ያን ያህል ደም ካፈሰሰ ኢቭል ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። እናንተ ለእንግዳ ስታስረዱ የትኛውን ትላላችሁ?