ብርዱ የመጣው ከታች ነው

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ጉልበቴን ከአገጬ ጋር አጋጥሜ ተኮራምቻለሁ። የስሊፒንግ ባጉን፣ የመኝታ ከረጢቱን ማለቴ ነው፣ ዚፕ እስከ አፍንጫዬ ድረስ ዘግቼዋለሁ። ሁለት ካልሲ ደርቤያለሁ፣ ሹራብም ኮፍያም አድርጌያለሁ። ከላይ ያን ያህል አይደለም። ከታች ግን ዳሌዬ በረዶ ላይ የተቀመጠ ይመስል ይጠዘጥዘኛል። ጓደኛዬ ከጎኔ ታንኮራፋለች። በብርድ እንቅልፍ ያጣ ሰው አጠገቡ ሲያንኮራፉበት ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

የ14 ቀን የተራራ ጉዞ ነበር። ድንኳኑ፣ ምድጃው፣ ምግቡ፣ ሁሉም በጀርባችን ነው። ስንነሳ ዕቃችንን አንድ በአንድ መዝነን ነበር። የእኔ ስሊፒንግ ባግ 1,250 ግራም፣ የእሷ መኝታ 620 ግራም። የመጀመሪያው ቀን ማታ ስታወጣው ጭራሽ ስሊፒንግ ባግ አይደለም። ኩዊልት ነው። ላባ የተሞላ ብርድ ልብስ በሉት። እግሩ ጋ እንደ ከረጢት ተዘግቷል፣ ከጉልበት በላይ ግን ጀርባው ክፍት ነው። ኮፍያ የለው፣ ረጅም ዚፕ የለው።

«በዚች ነው 3,600 ሜትር ላይ የምታድሪው?» ብዬ ሳቅኩባት።

ምንም አልመለሰችልኝም። ሦስተኛው ሌሊት መለሰልኝ።

እኔ ባጉን ስገዛ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን «−7»። የምናድርበት ቦታ ሌሊቱ ቢከፋ ቢከፋ −3 ነው ተብለናል። አራት ዲግሪ ትርፍ ካለኝ ምን ጎደለኝ ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። በነጋታው ጠዋት ዓይኔ አብጦ ስታየኝ ጓደኛዬ ባጉን ገለበጠችና ውስጡ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አሳየችኝ። ሦስት ቁጥር አለባት።

ቁጥሮቹን የሚያወጡት ሰው በሚያህል፣ እንደ ሰው ሙቀት በሚሰጥ አሻንጉሊት ነው። ስስ የውስጥ ልብስ ያለብሱትና ፍራሽ ላይ አስተኝተው ይለኩታል። መለኪያው ድሮ ኢኤን 13537 ይባል ነበር፣ አሁን አይኤስኦ 23537 ሆኗል። የመጀመሪያው ቁጥር «ኮምፈርት» ነው፤ አንዲት ሴት ዘና ብላ ተኝታ የማይበርዳት ዲግሪ። ሁለተኛው «ሊሚት» ነው፤ አንድ ወንድ ተኮራምቶ እንደምንም የሚያድርበት ጠርዝ። ሦስተኛው «ኤክስትሪም» ጭራሽ የእንቅልፍ ቁጥር አይደለም። ነፍስ የማትረፍ ቁጥር ነው። እሱን አይታችሁ ባግ እንዳትገዙ።

የእኔ ኮምፈርት −1 ነበር። በትልቁ የተጻፈው −7 የሰውዬው ነው። መለኪያው ያ ሰውዬ 25 ዓመቱ፣ ቁመቱ 173 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 73 ኪሎ ነው ብሎ ይነሳል። በገዛ ገንዘቤ ለማላውቀው ወንድ የሚሆን ባግ ገዝቼ፣ ተሸክሜለት ተራራ ወጣሁ ማለት ነው።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ብርዱ ከታች የመጣው በቁጥሩ ምክንያት አልነበረም።

ላባ በራሱ አያሞቅም። የሚያሞቀው በመካከሉ የያዘው አየር ነው። ሰው ሲተኛበት ላባው በክብደቱ ይደፈጠጣል፣ አየሩም ይወጣል። ስለዚህ ከጀርባዬ በታች ያለው የባጉ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ተደፍጥጦ፣ ከጨርቅ የማይሻል ሆኖ ነው የሚያድረው። ኩዊልት የሠሩት ሰዎች ይህንን አይተው ነው «ታዲያ ለምን እንሸከመዋለን?» ብለው ጀርባውን ቆርጠው የጣሉት። ከታች የሚያሞቀው ፍራሹ ነው።

የእኔ ፍራሽ ደግሞ የሚነፋ፣ ቀላል፣ ሲጠቀለል የውሃ ጠርሙስ የሚያህል ነበር። ስገዛው በትንሽነቱ ኮርቼበታለሁ። ውስጡ ግን አየር ብቻ ነው። አየሩ ሌሊቱን ሙሉ እየተዘዋወረ የእኔን ሙቀት ለመሬቱ ያስረክባል። ፍራሾች «አር ቫልዩ» የሚባል ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርዱን የበለጠ ያግዳል። የእኔ ከ1 ብዙም አይዘልም፣ የእሷ ከ4 በላይ ነው። ሁለት ፍራሽ ቢደራረብ ቁጥሩ ይደመራል። ስለዚህ አራተኛው ሌሊት ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ደረደርኩ። ባዶ ሻንጣዬን ከዳሌዬ ሥር፣ የዝናብ ልብሴን ከትከሻዬ ሥር፣ የተረፈውን ልብስ በመካከል። መኝታዬ አይጥ የሠራችው ጎጆ መሰለ። እስከ ንጋት 11 ሰዓት ግን ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ስድስተኛው ሌሊት ላይ ድንኳናችንን ዝቅ ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ቦታ ተከልን። «ዛሬ እንቀያየር» አለችኝ። ፍራሿንም ጨምራ ሰጠችኝ። የእሷን ደግነት ሳላደንቅ ማለፍ አይሆንልኝም።

የመጀመሪያው ሰዓት አልተመቸኝም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የምገላበጥ ሰው ነኝ። በቀኝ ስዞር ጠርዙ ይነሳና ቀዝቃዛ አየር ወገቤ ላይ ይገባል። በግራ ስዞር በሌላው በኩል። ተነስቼ ልቀሰቅሳት ስል እሷው ነቅታ ባትሪዋን አበራች። «ማሰሪያዎቹን ረስተሻቸው ነው» አለች። ሁለት ቀጫጭን ማሰሪያዎች ፍራሹን ይዞሩትና የኩዊልቱ ጠርዝ እነሱ ላይ ይቆለፋል። ግን አጥብቀው አይወጥሩትም። ሰው ከሥሩ እንዲገላበጥ ላላ ብሎ፣ ጠርዙ ግን ከፍራሹ ሳይነሳ። አንገት ጋ ያለውን ገመድ ደግሞ ሳብ አደረገችልኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቀየረ። ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ስገላበጥ ባጉ አብሮኝ ይዞራል፣ ኮፍያው አፌ ላይ ይመጣል፣ ዚፑ ከጀርባዬ ይሆናል። ኩዊልቱ ግን ባለበት ይቆያል፣ የምዞረው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ጉልበቴን አጥፌ ወደ ጎን መዘርጋት ቻልኩ። ጭንቅላቴ ግን በረደው። ኮፍያ ስለሌለው ወፍራም ሹራብ ኮፍያ የግድ ነው። እሷ ደግሞ ጠዋት ከእኔ ባግ ስትወጣ «ሬሳ መገነዣ ውስጥ ያደርኩ ነው የመሰለኝ» አለች። እንዲያም ሆኖ ኩዊልቱን ለጥቂት ሌሊት ተወችልኝ።

ዘጠነኛው ሌሊት ላይ አጠፋሁ። ሐይቅ ዳር ደረስን። እሷ ወደ ላይ ወጣ ብለን እንትከል አለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ሸለቆው ወርዶ ይተኛል፣ ትንሽ ከፍ ማለት ብቻውን ለውጥ አለው። እኔ ግን እግሬ አልቋል። ዳሩ ላይ ተከልን። ሌሊት ድንኳኑ አላበው፤ ትንፋሻችን ግድግዳው ላይ ውሃ ሆነ። የኩዊልቱ የእግር በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ አድሯል። ጠዋት ስዳስሰው አራት ጣት የሚያህለው ውፍረት ጠፍቶ፣ ላባው እንደ ረጠበ ጥጥ ተጓጉሏል።

የሰው ዕቃ ነው! እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የሞቀው ድንጋይ ላይ ዘረጋሁት። የተጓጎለውን በጣቶቼ መካከል እያሸሁ አንድ በአንድ መፍታት ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጨርቁ ቀስ እያለ ይነፋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ለካ ረጅም ጉዞ ላይ ይህ ባይረጥብም የሚደረግ ነገር ነው። የሰውነት እርጥበት በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ ላባው ውስጥ ስለሚቀር፣ ካልተሰጣ ከቀን ወደ ቀን ውፍረቱ ይቀንሳል። በላባ ፋንታ ሲንተቲክ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ሙሌት፣ ቢሆን እርጥበት ይችል ነበር፣ ቶሎም ይደርቃል። ግን ለተመሳሳይ ሙቀት ይከብዳል፣ ቦታም ይበላል፣ በየቀኑ ሲታሸግም ቶሎ ይሞታል። ዝናብ የማያባራበት መንገድ ቢሆን እሱን እይዝ ነበር።

ከጉዞው ከተመለስኩ በኋላ ፍራሹን አስቀድሜ ገዛሁ፤ አር ቫልዩው ከ4 በላይ የሆነ። ከዚያ ለኩዊልት ሄድኩ። ሻጩ የላባውን ጥራት ነገረኝ። 800 የሚለው ቁጥር 28 ግራም ላባ ተነፍቶ 13 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል ማለት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን እኔ የጠየቅሁት ስንት ግራም ላባ እንደገባበት ነው። ምርጥ ላባም ትንሽ ከገባበት አያሞቅም። ደግሞም አብዛኛው ኩዊልት በዚያ አሻንጉሊት አይለካም፤ ዲግሪውን አምራቹ ራሱ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ −3 ለሚሆን ሌሊት −9 የሚለውን አነሳሁ።

«ይህችን ልጠቅልልልሽ?» አለኝ።

«ቆይ» አልኩና ጫማዬን አወለቅሁ። ፍራሹን ሱቁ መሃል ዘርግቼ ማሰሪያዎቹን አሰርኩ። ገብቼ በቀኝ ተገላበጥኩ፣ በግራ ተገላበጥኩ፣ ጉልበቴን አጥፌ ወደ ጎን ዘረጋሁ። ጠርዙ አልተነሳም። ቀና ስል ሻጩም፣ አንዲት ጫማ የምትለካ ሴትም ቆመው ያዩኛል።

«አሁን ጠቅልላት» አልኩት።