የማይሞቅ ነገር

ዛሬ ምንም አላሰኘኝም። ግንቦት ነው። የድሬን የግንቦት ከሰዓት ለምታውቁት ምን እነግራችኋለሁ? ከዚራ ዛፎቹ ሥር እንኳ ንፋሱ ትኩስ ነው። ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ ስለ መኪናዬ አስባለሁ።

ኮሮላዬ ሰሞኑን ነዳጅ መጠጣት አብዝታለች። ሌላ ነገሯ ደህና ነው። ከሐረር ስመለስ ግን፣ ደንገጎን ቁልቁል መውረድ ስጀምር የሙቀት ቀስቱ ዝቅ፣ ዝቅ ይልና «ሲ» ከምትለው ፊደል ጋር ሊተኛ ምንም አይቀረው። ከተማ ገብቼ መቆም ማዝገም ስጀምር መልሶ ቀና ይላል። ላወራሁት ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነው ያለው፦ «ታድለሽ!» በዚህ ሙቀት የማትሞቅ መኪና! ዳገቱ ላይ ኮፈን ከፍተው፣ ጀሪካን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እንፋሎቱ እስኪበርድ መንገድ ዳር የሚቀመጡትን ሾፌሮች ላየ ሰው እውነትም መታደል ይመስላል።

የሳቢያኑ መካኒክ ግን ፊቱን አጨማደደ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳውና ራዲያተሩ ላይ እጁን አሳረፈ። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ የሚይዘው ክዳን፣ ደህና ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩ ብቻውን ይሞቃል። ራዲያተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆይና፣ ውሃው ሰማንያ ምናምን ዲግሪ ሲደርስ መንገዱ ይከፈትለታል፤ ያኔ ነው ራዲያተሩ የሚግለው። የኔዋ ከመነሻው ለብ፣ ለብ እያለች አብራ ትሞቃለች። ቀጥሎ የዘይቱን መክደኛ ፈታ። ውስጡ ነጣ ያለ፣ ማዮኔዝ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። የራዲያተሩ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ አለቀልኝ አልኩ። የራዲያተሩን ውሃ አየ፤ አልጎደለም፣ ዘይትም የለበትም።

«ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አይደለም፣ አትደንግጪ አቦ! ሞተሩ በወጉ ስለማይሞቅ እርጥበቱ አይተንም፣ ከዘይቱ ጋር ይለወሳል።»

የቴርሞስታቱን ቤት ሲከፍተው ባዶ ነው። ምንም የለም! ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አስወጥቶ አስጥሎታል።

ይሄ እዚህ የተለመደ ነው። መኪና ሲፈላ መጀመሪያ የሚወነጀለው ቴርሞስታት ነው። «ሞቃት አገር ምን ይሠራል?» ይባልና ይወጣል። ተዘግቶ ከቀረ ሞተር እንደሚያፈላ፣ ቴስታታ እንደሚያጣምም እውነት ነው። ግን ስንቱ ጥፋት በሱ ተላከከ! ፋኑ ካልዞረ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገውን ግፊት መያዝ ካቃተው ይፈላል፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬ ውስጥ ክፍት ውሃ 96 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይንተከተካል፣ ወደ ደንገጎ ስትወጡ ደግሞ ከዚያም በታች። የቧንቧ ውሃችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ ራዲያተር ውስጥ ከገባ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

አዲሱን ሲያመጣ ዝም ብሎ አልገጠመውም። ድስት ውስጥ ውሃ ጥዶ፣ ቴርሞሜትር ይዞ፣ በክር አንጠልጥሎ ከተተው። ጠርዙ ላይ 82 ተብሎ ተቀርጿል። ሆዱ ውስጥ ሰም አለ፤ ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና ክዳኑን ይገፋዋል። ድስቱ ላይ አፍጥጬ ጠበቅኩ። ሰባ ላይ ምንም የለም። ሰማንያን ሲያልፍ በጣም ቀጭን ክፍተት ታየ፣ ከዚያ እየሰፋ ሄደ። በቃ፣ ይህቺን ሚጢጢ ነገር በማጣቷ ነው የመኪናዬ ኮምፒውተር ሞተሩ ገና አልሞቀም እያለ ነዳጅ ሲጨምርላት የከረመው።

ድስቱን እያየሁ ሐሳቤ ወደ ራሴ ዞረ። የፈላ ነገር ወዲያው ይታያል፤ ያጨሳል፣ ይጮሃል፣ ሰው ይሰበሰብበታል። የቀዘቀዘውን ግን ጤነኛ ነው ብለን እናልፈዋለን።

ዘንድሮ «ሰው ሆነሻል» እየተባልኩ ነው። ድሮ በትንሹ በትልቁ እጨስ የነበርኩት ልጅ፣ ኪራይ ሲጨመርብኝ «እሺ» ብዬ ፈረምኩ። የለፋሁበትን ሥራ ሌላ ሰው የራሱ አድርጎ ስብሰባ ላይ ሲያቀርበው ከሰው ጋር አብሬ አጨበጨብኩ። ያ የድሮ ፍቅረኛዬ ከአዲሷ ጋር ሲያልፍ አየሁና፣ አናምንሽም ትሉኛላችሁ፣ ጠርቼ ሻይ ጋበዝኳቸው። «ሁለት ስኳር ነው?» አልኩ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣኝም። እማዬ ጸሎቴ ሰመረ ትላለች። ጓደኞቼ የድሬ ልጅ እንዲህ ነው፣ አቦ ብሎ ማለፍ ነው ይላሉ።

እኔ ግን እንጃ። ተረጋግቼ ነው ወይስ ሙቀቱ አልደርስ ብሎኝ ነው? ከውጭ ላየው ሁለቱም አንድ ናቸው። ያለፈው ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ ጫማዬ ስለመጥበቡ ነበር የማስበው። አልናደድም፣ ደስም አይለኝም፤ ማታ ግን ምንም ሳልሠራ ድክም ብዬ እገባለሁ። ነዳጁ የት ነው የሚሄደው? ደግሞስ አወጣሁት ወይስ አወጡብኝ? ቢመለስልኝስ፣ ያንን ሁሉ ቁጣ አብሬ መልሼ እፈልገዋለሁ?

ይሄን ሁሉ ትናንት ማታ ለእህቴ ስዘበዝብላት ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች። ኋላ ግን፦ «እሱ 82 ላይ ይከፈታል አልሽኝ። ያንቺ አፍ ስንት ላይ ነው የሚዘጋው?»