ለኩሽናና ለሳሎን የራሴን ስልት ያገኘሁበት መንገድ

«ሞደርን»፣ «ክላሲክ»፣ «ሚኒማሊስት» የሚሉትን የቤት ስልት ስሞች ገና ከጅምሩ ወደ ጎን አደረግኳቸው። ሞደርን ከተባሉ ሁለት ሳሎኖች አንዱ ነጭ በነጭ፣ ሌላው ጠቆር ያለ እንጨትና ቆዳ ሊሆን ይችላል። አምፖሉ ምን ያህል ቢጫ ይሁን፣ ካቢኔቱ እጀታ ይኑረው አይኑረው፣ ወለሉ ላይ ካለው ሴራሚክ ጋር የሚስማማው የትኛው ነጭ ነው ለሚሉት ጥያቄዎች ስሙ መልስ የለውም። ስለዚህ ሦስት ነገር አየሁ፤ ዓይኔ ደጋግሞ የሚያርፍበትን፣ እጄ ደጋግሞ የሚያነሳውን፣ ቤቱ ራሱ የሚፈቅደውን።

የጀመርኩት በፎቶ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል የወደድኩትን የኩሽናና የሳሎን ፎቶ ሁሉ ሳላማርጥ ሰበሰብኩ፤ 60 ገደማ ሆነ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ዘጋሁት። ስመለስ 20 አስቀርቼ ሌላውን ጣልኩ፤ ማጣሪያዬም «ማታ ደክሞኝ ብገባ እዚህ አረፍ እላለሁ ወይ?» የሚል ነበር። ለ20ዎቹ አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፦ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ክብ፣ ዕቃው ይታያል ወይስ ተደብቋል፣ ገጽታው ልሙጥ ነው ወይስ ሻካራ፣ ብረቱ ነጣ ያለ ነው ወይስ ወርቃማ፣ በደማቁና በጨለማው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ። የመጨረሻውን ለመሙላት ፎቶዎቹን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኳቸው፤ ቀለም ሲወጣ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከ20ው ቢያንስ በ12ቱ የተደገመውን ብቻ የእኔ ብዬ ያዝኩ። ሰባትና ስምንት ጊዜ ብቻ የመጣው አላፊ ፍላጎት ነው፤ ትራስ ላይ ይሞከራል እንጂ ካቢኔት ላይ አይሠራም።

ፎቶ የሚያሳስትበት አንድ ቦታ አለ። ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ሁልጊዜ ያምራል፤ በዚያ ላይ ሽቦው፣ ቆሻሻ መጣያውና ቻርጀሩ ከፎቶው እንዲወጡ ተደርጓል። በፎቶው ላይ መስኮቱን በአውራ ጣቴ እሸፍንና እንደገና አያለሁ። ክፍሉ ወዲያው ከደበዘዘብኝ የወደድኩት ብርሃኑን ነው ማለት ነው፤ ያ ፎቶ ከ20ው ይወጣል።

ቀጥሎ የኩሽና ዕቃ ቆጠራ ነው። በካቢኔት በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ወረቀት ለጥፌ ለ14 ቀን ያነሳሁትን ዕቃ ሁሉ ምልክት አደረግኩበት። አድካሚ ይመስላል፤ ግን የተከፈተ መደርደሪያ ይስማማኝ እንደሆነ የነገረኝ ይህ ወረቀት ነው። በየቀኑ የሚነሳና የሚታጠብ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ አቧራ አይዝም። በወር አንዴ የሚነሳው ግን፣ በተለይ ከምድጃው አንድ ሜትር ባልራቀ ቦታ ከሆነ፣ የዘይት እንፋሎትና አቧራ ተደባልቀው የሚያጣብቅ ሽፋን ያለብሱታል። የተከፈተ መደርደሪያ ወድደው ሰቅለው በዓመቱ በር የሚያስገጥሙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኩሽናን ከመልክ በፊት በእጅ እንቅስቃሴ መንደፍ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በ1926 የነደፈችው የፍራንክፈርት ኩሽና የተነሳው ከዚሁ ነበር። ያ ጠባብ ኩሽና ዛሬም የሚያምረው ማስጌጫ ስላለው ሳይሆን እያንዳንዱ መሳቢያ ለምን እዚያ እንዳለ ስለሚታወቅ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ብዙዎች በቀጥታ ወደ ቀለም ይሄዳሉ። እኔ መጀመሪያ አምፖሎቹን ቀየርኩ። አንድ ቀለም በ2700 ኬልቪን (የአምፖል ብርሃን ቢጫ ወይም ሰማያዊ መሆኑ የሚለካበት ቁጥር) አምፖል ሥር ክሬም፣ በ4000 ነጭ፣ በ6500 ደግሞ ሰማያዊ የነካው መስሎ ይታያል፤ አምፖሉ ሳይወሰን የተመረጠ ቀለም በአምፖሉ ለውጥ ይፈርሳል። ለሳሎን 2700፣ ለኩሽና 3000 መረጥኩ። ሁለቱ ክፍሎች ያለ በር የሚተያዩ ከሆነ ግን ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ማድረግ ይሻላል፤ አለበለዚያ ድንበሩ ላይ ግድግዳው ሁለት ቀለም የተቀባ ይመስላል። የአምፖሉ ካርቶን ላይ ሲአርአይ (CRI) የሚለውን፣ ብርሃኑ የዕቃን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገረውን ቁጥር እዩ፤ 90 እና ከዚያ በላይ ካልሆነ እንጨትና ቀይ ነገር ሁሉ የሞተ መልክ ይይዛል።

ኩሽና ውስጥ የአምፖሉ ቦታም እንደ ዓይነቱ ወሳኝ ነው። ጣራው መሀል ላይ ያለ አንድ መብራት ከጀርባ ስለሚመጣ፣ ሰው ጠረጴዛው ፊት ሲቆም ጥላው የሚከትፍበት ቦታ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ከላይኛው ካቢኔት ሥር የሚለጠፍ የኤልኢዲ መስመር ነው፤ የሚለጠፈውም ከካቢኔቱ የፊት ጠርዝ አጠገብ ነው። ከኋላ ከተለጠፈ ግድግዳውን አብርቶ የሥራ ቦታውን ያጨልማል። በሳሎን ደግሞ አንድ ኃይለኛ መብራት በሦስት ደካማ መብራቶች ተተካ፤ አንዱ ለማንበቢያ፣ አንዱ ጥግ ላይ፣ አንዱ ግድግዳ ላይ።

አሁን የማይነቃነቁት ነገሮች ተራ ነው። ወለሉ፣ የኩሽናው ግራናይት፣ የመስኮቱ ፍሬም ይቀየራሉ ወይስ ይቆያሉ? የሚቆዩት ሁሉ ቀለም አላቸው፤ ሰው ግን ቀለም አድርጎ አይቆጥራቸውም። ግራጫ ይመስለኝ የነበረውን ሴራሚክ ነጭ ወረቀት አጠገቡ ሳስቀምጥ ወደ ሮዝ የሚያዘነብል ሆኖ ተገኘ። ይህ የወረቀት ሙከራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነጭ የሚባለው ቀለም ሁሉ ወደ ቢጫ፣ ወደ ሮዝ፣ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ወደ ሮዝ የሚያዘነብል ወለል ላይ ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብል ነጭ ግድግዳ ከመጣ ሁለቱም የቆሸሹ ይመስላሉ። «ነጭ ቀባሁ፣ ግን አላማረም» ከሚባልበት ቤት በአብዛኛው ጥፋቱ ይህ ነው።

ቀለሙን የሞከርኩት በትልቅ ካርቶን ላይ ነው እንጂ ግድግዳው ላይ አልነበረም። ከኤ4 ወረቀት ያላነሰ ካርቶን ሁለት እጅ ይቀባል፤ በሁለቱ መካከል በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ይጠበቃል፤ ፍርዱ በማግስቱ ነው፤ እርጥብ ቀለም ከደረቀው ይለያልና። የድሮው ግድግዳ ዓይንን እንዳያሳስት ከካርቶኑ ጀርባ ሰፋ ያለ ነጭ ወረቀት ይደረጋል። ከዚያ ካርቶኑ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አምፖል በርቶ፣ መስኮት አጠገብና ጨለማ ጥግ ላይ ይታያል። የግድግዳ ናሙና ቆሞ፣ የወለል ናሙና ተኝቶ ነው የሚታየው፤ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አጋድሞ መፍረድ ስህተት ነው፤ ብርሃኑ የሚያርፍባቸው አቅጣጫ ይለያያል። አራት ግድግዳ ሲቀባ ቀለሙ እርስ በርሱ ስለሚንጸባረቅ ከናሙናው ደመቅ ይላል። ስለዚህ በሁለት የሚቀራረቡ ቀለሞች መካከል ስዋልል ደብዘዝ ያለውን እወስዳለሁ።

ከቀለሙ ጋር አንጸባራቂነቱም ይወሰናል። ማት፣ ማለትም የማያብለጨልጨው ቀለም፣ የግድግዳን ጉድለት ይደብቃል፤ ኩሽና ውስጥ ግን ቅባት ሲነካው ተፈትጎ አይለቅም፣ ቢለቅም ቦታው ያብለጨልጫል። ሳሎን ማት፣ ኩሽና ሳቲን (በመጠኑ የሚያብለጨልጭ) ይሁን። ሳቲን የሚቀባ ግድግዳ ስቱኮው በደንብ መላግ አለበት፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን እያንዳንዱን ጎድጓዳ ያጋልጣል።

ስለ ቀለሞች መጠን ምጣኔ ብዙ አልልም፤ 60፣ 30 እና 10 በመቶ የሚባለው ክፍፍል ይሠራል፤ ሰፊው ለግድግዳና ለወለል፣ መካከለኛው ለሶፋና ለመጋረጃ፣ ትንሹ ለትራስና ለሥዕል። ሰው የሚረሳው ወለሉን ከ60ው ውስጥ መቁጠሩን ነው።

የቤት ዕቃን በዓይን መገመት ግን ፈጽሞ አይቻልም። ሶፋው የሚይዘውን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ወለሉ ላይ አሰመርኩ፤ ቁመቱን ለማየት ባዶ ካርቶኖች ደረደርኩበት፤ ሦስት ቀን እየዞርኩት ኖርኩ። ዋና መተላለፊያ 90 ሴንቲሜትር ይፈልጋል፤ በሶፋና በፊቱ ባለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ መካከል ከ40 እስከ 45 ይበቃል። ምንጣፍ ቢያንስ የሶፋውን የፊት እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ገብቶ መያዝ አለበት፤ መሀል ላይ ብቻውን የተንሳፈፈ ትንሽ ምንጣፍ ክፍሉን ያሳንሰዋል። የመጋረጃ ዘንግ ከመስኮቱ ፍሬም ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ በየጎኑ 20 ያህል ወጣ ብሎ ይሰቀላል፤ ጨርቁ የዘንጉን ወርድ ሁለት እጥፍ ካልሆነ ሲዘጋ እንደ አንሶላ ይወጠራል። የሥዕል መሀል ከወለል ከ145 እስከ 150 ነው፤ አብዛኛው ሰው ከዚህ ከፍ አድርጎ ይሰቅላል።

በኩሽናም የራስን ስልት ከሚያበላሹት አንዱ የሌላ ሰው ቁመት ነው። የሥራ ጠረጴዛ 90 ሴንቲሜትር የተለመደ ይሁን እንጂ ትክክለኛው ልክ ክንድ ታጥፎ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ነው። ፊት ለፊት በሚተያዩ ካቢኔቶች መካከል ከ100 እስከ 120 ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ መሳቢያ ሲከፈት ሌላ ሰው አያልፍም፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ ትኩስ ድስት ይዞ መመላለስ ይበዛል።

ሁለቱን ክፍሎች ለማስተሳሰር ተመሳሳይ ቀለም መቀባት አያስፈልግም። ሦስት ነገር ብቻ ደገምኩ፦ አንድ የእንጨት ዓይነት፣ አንድ ብረት፣ አንድ ቀለም። የኩሽናው መደርደሪያ እንጨት ሳሎን ውስጥ የመብራት እግር ሆኖ ተመለሰ፤ የሳሎኑ ትራስ ቀለም ኩሽና ውስጥ በወንበር መቀመጫ። እንጨቱ በጥቁረቱ መጠን ሳይሆን በሚያዘነብልበት ቀለም መመሳሰል አለበት፤ ወደ ቢጫ የሚያዘነብል ጠቆር ያለና ነጣ ያለ እንጨት አብረው ይኖራሉ፣ ቢጫና ቀይ ግን ይጣላሉ። ብረት ሁለት ዓይነት ቢሆን ችግር የለውም፤ አንዱ በግልጽ ይብዛ እንጂ። ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነው ያልታሰበበት የሚመስለው።

የኩሽናውን መልክ በትንሽ ወጪ መቀየር ለሚፈልግ እጀታ ይቀድማል። ከመግዛት በፊት ግን የድሮው እጀታ ሁለት ቀዳዳዎች ከመሀል እስከ መሀል በሚሊሜትር ይለካሉ፤ 96፣ 128 እና 160 የተለመዱ ልኮች ናቸው። አዲሱ ከተለያየ የድሮው ቀዳዳ በእንጨት ስቱኮ ተደፍኖ በሩ እንደገና መቀባት አለበት፤ ላሚኔት (ፕላስቲክ መሰል ሽፋን የተለጠፈበት) በር ከሆነ ድፋኑ ስለማይደበቅ ሁለቱንም ቀዳዳ የሚሸፍን ጀርባው ሰፊ እጀታ ይፈለጋል። አዲስ ቀዳዳ ሲበሳም ከካርቶን የተቆረጠ አንድ መለኪያ ለሁሉም በር ይሠራ፤ በየበሩ በሜትር እየለኩ መብሳት ሁለት ሚሊሜትር ያዛባል፣ ተደርድረው ሲታዩም ያ ሁለት ሚሊሜትር ከሩቅ ይለያል።