ሰማያዊ ስክሪን የሚያበዛው ዴስክቶፕ፦ ምርመራው የደረሰበት

ማሽኑ ቤት ውስጥ የተገጣጠመ ነው፦ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ በተለያየ ጊዜ የተገዙ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 3200 ራሞች፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ፣ 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ (ፈጣን ማከማቻ)፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ። ጌም ላይም፣ ክሮም ላይም፣ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ተቀምጦ ሰማያዊ ስክሪን፣ ማለትም ዊንዶውስ ሲወድቅ ከስህተት ኮድ ጋር የሚያሳየውን ገጽ፣ ያመጣል። (ዊንዶውስ 11 ላይ ከ2025 ወዲህ ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል፤ ኮዱ ግን ያው ነው።)

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ወደ ጥገና ሲወሰድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው «ፎርማት ይደረግ» ነው። አሁን አይደረግም። ጥፋቱ ራም ላይ ከሆነ የአዲሱ ዊንዶውስ ፋይሎችም የሚያልፉት በዚያው ራም ነው፤ ገና ሲጫን ተበላሽቶ ሊጫን ይችላል። ቀጥሎ «ሃርድዲስኩ ነው» ይባላል፣ እሱም ይገዛል፣ ስክሪኑ ግን ይመለሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮዱ። በሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ውስጥ «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለው ምልክት ይነሳል፤ ከሥሩ «ስሞል ሜሞሪ ደምፕ» (ሲወድቅ የሚቀመጥ አጭር መዝገብ) ይመረጣል። ቦታ ለመቆጠብ ብለው ፔጅ ፋይልን (ዊንዶውስ እንደ ተጨማሪ ራም የሚጠቀምበትን የዲስክ ፋይል) ያጠፉ ሰዎች ደምፕ አያገኙም፤ ሲ ድራይቭ ላይ ይመለስ። ከዚያ በኋላ በወደቀ ቁጥር ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ባለው ሚኒደምፕ ትንሽ ፋይል ይቀመጣል። ፋይሉን ለማንበብ ብሉስክሪንቪው የተባለው ፕሮግራም ለመነሻ ይበቃል፤ ጠለቅ ማለት የፈለገ ዊንዲቢጂ ይጠቀም።

እዚህ ማሽን ላይ የተገኙት ኮዶች 1ኤ (ሜሞሪ ማኔጅመንት)፣ 50 (ፔጅ ፎልት)፣ 0ኤ እና 3ቢ ናቸው፤ አብሯቸው የሚጠቀሰው ፋይልም በየጊዜው ይለያያል። ለውሳኔ የሚያበቃው ይህ መቀያየር ነው። አንድ ኮድ ከአንድ ድራይቨር ስም ጋር እየተደጋገመ ቢመጣ ጥርጣሬው ወደ ሶፍትዌር ያደላ ነበር፤ ለምሳሌ 116 ሁልጊዜ ከግራፊክስ ድራይቨሩ ጋር ከመጣ ድራይቨሩን ዲዲዩ በተባለው የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም ጠራርጎ እንደገና መጫን ይቀድማል። ኮዱም ፋይሉም ሲቀያየር ግን የጋራ መነሻ መፈለግ አለበት፤ ያም ብዙውን ጊዜ ራም ወይም ፓወር ነው። 124 ከመጣ ደግሞ ችግሩን ያስመዘገበው ሃርድዌሩ ራሱ ነው፤ ፕሮሰሰር፣ ቮልቴጅ፣ ሙቀት ይታያል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ከርነል ፓወር 41 ተመዝግቦ በዝርዝሩ «በግቼክ ኮድ» 0 ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ኮድ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ወይ ድርቅ ብሎ ቀርቷል ወይ ኃይል ተቋርጦበታል። እዚህ መዝገብ ላይ ሁለቱም ዓይነት አለ። እንደ አንድ በሽታ ከታዩ ምርመራው ይዞራል።

ባለዜሮዎቹ የሚበዙት ጠዋት፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይስባል፤ የቤቱ መስመር ቀጭን ከሆነ ወይም ግቢው በአንድ ቆጣሪ ከተጋራ ቮልቴጁ ይወርዳል። መልቲሜትሩን ኤሲ 750 ላይ አድርጎ፣ ኮምፒውተሩ የተሰካበት ዲቫይደር ላይ ምጣዱ ሲበራና ሲጠፋ መለካት ነው። አክቲቭ ፒኤፍሲ (የሚገባውን ኃይል የሚያስተካክል ሰርኪዩት) ያለው፣ መለያው ላይ 100–240 የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ መውረዱን ይችለዋል። ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ርካሹ ዓይነት ግን ከ200 በታች ሲወርድ መንገዳገድ ይጀምራል። ስታቢላይዘር ይረዳል፤ ሆኖም «ጠቅ» ሲል ሪሌው በሚቀያየርበት ቅጽበት ኃይል ይቋረጣል። ደህና ፓወር ሰፕላይ ሙሉ ጭነት ላይ እንኳ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ይታገሳል፣ መናኛው ያን ያህል አይቆይም። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ ምጣዱ ከሚጠቀምበት መስመር ወጥቶ ለብቻው ሶኬት ሲሰጠው ባለዜሮዎቹ 41ዎች ቆመዋል። ባለ 12 ቮልቱ መስመር (ቢጫና ጥቁር ሽቦ) ጭነት ላይ ሲለካ 11.9 ነው፤ የሚፈቀደው ከ11.4 እስከ 12.6 ነው። መልቲሜትር ዝግተኛ ስለሆነ ቅጽበታዊ መውረድን አያሳይም፤ ጥሩ ንባብ ብቻውን ፓወር ሰፕላዩን ነጻ አያወጣም።

ኮድ ያላቸው መውደቆች ግን ቀጥለዋል። ተራው የራም ነው።

ሜምቴስት86 የተባለው የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ተጽፎ ኮምፒውተሩ በእሱ ይነሳል። ነጻው ቅጂ 4 ዙር ይፈትሻል፤ በ16 ጊጋ ሰዓታት ይፈጃል። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ከዜሮ ይጀመራልና ሌሊት ማስኬድ ይሻላል። ስህተት የሚያመለክት ቀይ መስመር አንድ እንኳ ከታየ በቂ ነው፤ «ጥቂት ስህተት» የሚባል የለም።

ውጤቱ፦ ሁለቱም ተሰክተው ኤክስኤምፒ (ራሙን ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚያሠራው የማዘርቦርዱ ምርጫ) በርቶ በ3200 ስህተት አለ። ኤክስኤምፒ ጠፍቶ ንጹሕ። እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ በ3200፣ ንጹሕ። እንግዲህ የሞተ ራም የለም፤ አብረው መሥራት ያቃታቸው ናቸው። ሳጥኑ ላይ 3200 ቢልም ቺፓቸው ስለሚለያይ አንዱ የሚቀበለው ታይሚንግ (የምላሽ ጊዜ ቅንብር) ለሌላው ይጠብበታል። 1.35 ቮልቱ እንዳለ ሆኖ ፍጥነቱ ወደ 2933 ሲወርድ 4ቱም ዙር ንጹሕ ሆኗል። በሥራ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ወደፊት የሚገዛ ሰው በአንድ ማሸጊያ ያለውን ጥንድ ይግዛ፣ ሁለተኛና አራተኛው ማስገቢያ ላይም ይሰካ።

ከመፈተሹ በፊት ማስገቢያዎቹ በብሩሽ ይጠረጉ፤ የበጋው አቧራ ብቻውን ራም ያስክዳል። የራሙ ወርቃማ ጥርስ በነጭ ላጲስ ቀስ ተብሎ ይታሻል። የፋርማሲው አልኮል 70 በመቶ ነው፣ ውሃ አለው፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይሰካም።

የፕሮሰሰሩ ሙቀት ኤችደብሊውኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ሲታይ 84 ዲግሪ ነው፤ የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 95 ስለሆነ ከጥርጣሬ ወጥቷል። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ቆላ ያሉ ሰዎች የሚያወሩት ቁጥር እዚህ አይጠበቅ። ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) ለመቀየር ኩለሩ በቀጥታ ወደ ላይ አይሳብ፤ የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ፒኑን ያጣምማል። ማሽኑን ጥቂት አሙቆ፣ አጥፍቶ፣ ግራ ቀኝ እያዞሩ ማላቀቅ ነው።

ራሙ ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ ዊንዶውሱ የሚኬደው። የዊንዶውስን ፋይሎች የሚጠግኑት ሁለቱ ትእዛዞች ይሰጣሉ፦ መጀመሪያ ዲዝም ሪስቶርኸልዝ፣ ቀጥሎ ኤስኤፍሲ ስካንናው። ዲዝም ፋይል ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ፓኬጅ ይያዝ። ኤስኤፍሲ የተበላሹ ፋይሎች አግኝቶ ጠግኗል፤ ራሙ ቀድሞ ያበላሻቸው ናቸው። ባይጠግን ኖሮ የፎርማት ቦታው እዚህ ነበር።

የቀረው አንድ ነው፦ 133 (ዲፒሲ ዋችዶግ)፣ ከእንቅልፍ ሲነሳ ብቻ፣ ሁልጊዜ ከዚያው የስቶሬጅ ድራይቨር ጋር። ይህ አይቀያየርምና መንገዱ ሌላ ነው፤ የኤንቪኤምኢው ፈርምዌር (ውስጡ ያለው ፕሮግራም)፣ የቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ) ድራይቨሩ፣ ከዚያ ባዮሱ (የማዘርቦርዱ ማስነሻ ፕሮግራም)፣ አንድ በአንድ ይታደሳሉ። ባዮስ የሚታደሰው ዩፒኤስ ላይ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።